ተሳፋሪ ጭኖ ሚዛን ላይ የወጣ ሹፌር

ይድረስ እንደ እናት ላሳደገችኝ ለእቴቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? የባለቤትሽ የጋሼ፣ የእማዬ፣ የልጃችሁ የሚጡ ጤና እንዴት ነው? ያ የእማዬ ሳል ለቀቃት? ጣሪያውስ ማፍሰሱን ተወ ወይስ ጋሼ አሁንም "ዝናብ እያለ አይወጣም፣ ዝናብ ሳይኖር አያፈስም" እያለ ተቀምጧል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ፤ "በስልክ ሁሉም ሰው ደህና ነው፣ እውነቱን በእጅህ ጻፍልኝ" ብለሽ ስለላክሽብኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ፎቶዬን አይተሽ አለቀስሽ አሉ። እማዬም "ልጄን አንድ ነገር በልቶታል" ብላ እህል አልቀምስም ብላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያጽናናችሁ መጣ፤ እንግዲህ በቁሜ ለቅሶ ተቀመጣችሁብኝ ማለት ነው! በእኛ ቤት ሰው ወፈረ ማለት ደላው፣ ከሳ ማለት ወይ ታመመ ወይ ከፋው ነው። ሐኪም አዞኝ፣ ፈልጌ፣ ለፍቼ ነው የከሳሁት ብልሽ ደግሞ "ጭራሽ ለፍቶ!" ትያለሽ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

እኛ ሹፌሮች መንጃ ፈቃድ ስናሳድስ የጤና ምርመራ አለብን። ያለፈው ጊዜ ሐኪሟ ግፊቴን ለካች፣ ስኳሬን ለካች፣ ሚዛን ላይ አወጣችኝ፤ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ትክ ብላ አየችኝ። ግፊትም ስኳርም ጀምሮሃል፣ ይህን ክብደት ካልቀነስክ በሚቀጥለው ምርመራ አልፈርምልህም አለችኝ። እሷ ካልፈረመች አውቶቡስ አልነዳም። ከመንዳት ሌላ ሙያ እንደሌለኝ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሚስማር ስመታ እንኳ የማገኘው ጣቴን ነው።

ከዴፖው አብሮኝ የተላከው ግራሶ ነው። ግራሶ የምንለው ሜካኒካችን ነው፤ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሥር ተኝቶ የሚውል፣ ሆዱ ሲያዝበት "ክሪክ አምጡና አንሱልኝ" እያለ በራሱ የሚቀልድ ጨዋታ አዋቂ። ሁለታችንንም ጤና ጣቢያ ውስጥ ወዳለ የክብደት መቀነሻ ትምህርት መሩን። በየሳምንቱ ማክሰኞ ረፋድ ላይ እየተሰበሰቡ ይመዘናሉ፣ ስለ አመጋገብ ይማራሉ።

ገብተን ስናይ ሁሉም ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ በራሳቸው መኪና የሚመጡ፣ ወይ ጡረታ የወጡ፣ ወይ የት ሄድሽ የሚላቸው አለቃ የሌለባቸው። እኔና ግራሶ ሰርግ ቤት እንደተሳሳተ ሰው በር ላይ ተገተርን። እነሱ ግን ደጎች ናቸው፣ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡን። የምግብ ባለሙያዋም ልጅ እግር ናት፣ ትሑት ናት፣ ክፋት የለባትም። ብቻ የምትነግረን ሁሉ የሌላ ሰው ኑሮ ነው። ቁርስ ተረጋግታችሁ ማዕድ ላይ ተቀምጣችሁ ብሉ ትላለች፤ የእኔ ቁርስ ተራዬ እስኪደርስ መሪ ላይ የምውጠው ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ውሃ በደንብ ጠጡ ትላለች፤ በእኛ መስመር ላይ መጸዳጃ የለም፣ የጠጣ ሹፌር ወዴት ይግባ? ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ተኙ ትላለች፤ እኔ አንዱን ሳምንት የጠዋት፣ አንዱን ሳምንት የማታ ፈረቃ ነኝ። ይህን ስነግራት እኔም የተማርኩት ይህንኑ ነው አለችኝ። አልተቀየምኳትም።

ሁለት ሳምንት በተከታታይ የቀረ ይሰረዛል የሚል ሕግ አላቸው። መጀመሪያ የተሰረዘው ግራሶ ነው። የጋራዡ አለቃ፣ ረፋድ ረፋድ ላይ የምትወጣ ከሆነ ጠቅልለህ ውጣ አለው፤ ልጆች አሉት፣ ፈራ። ጤና ጣቢያው ግን ለምን ቀረ ብሎ አልጠየቀውም። እኔ ስጠይቃቸው ፍላጎት የለውም አሉኝ። እቴቴ፣ ደሜ ፈላ! እጁን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ የክት ሸሚዙን ለብሶ ሲመጣ የነበረ ሰው ፍላጎት የለውም! እዚያ ክፍል የሚዘልቁት ማክሰኞ ረፋድ የራሳቸው የሆነላቸው ብቻ ናቸው። እነሱ ይቀንሳሉ፣ እኛ እንሰረዛለን፣ ከዚያም ሰነፎች እንባላለን።

ብዙም ሳይቆይ ተራው የእኔ ሆነ። አንድ ማክሰኞ የስምሪት አለቃው ፈቃድ ከለከለኝ። በሚቀጥለውም ሹፌር ጎድሏል፣ ንቅንቅ የለም ተባልኩ። ያን ቀን ከቀረሁ አለቀልኝ። መቼም እንዳትስቂብኝ፤ የእኔ መስመር በጤና ጣቢያው በር ነው የሚያልፈው፣ ፌርማታም አለው። እዚያ ስደርስ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ትኬት ቆራጯን መጣሁ አልኳትና ሮጥኩ። ሐሳቤ ቶሎ ተመዝኜ፣ መገኘቴን አሳይቼ ልመለስ ነበር። አውቶቡሱ ደግሞ እስከ አፉ ሙሉ ነው!

ሴቶቹ ለመመዘን ተሰልፈዋል። እባካችሁ ተሳፋሪ ጭኛለሁ ብል በሳቅ ፈርሰው አሳለፉኝ። ጫማዬን አውልቄ ሚዛኑ ላይ እንደወጣሁ በሩ ተበረገደ። አንዲት አሮጊት ከአውቶቡሱ ወርደው ተከትለውኝ ኖሯል፤ ምርኩዛቸውን ቀስረው "እኛን እዚያ ገትረህ አንተ ትመዘናለህ? ኩንታል ነህ?" አሉኝ። ከኋላቸው ሌሎች ተሳፋሪዎች ተግተልትለዋል። አንዱ ጎንበስ ብሎ ሚዛኑን አየና "እማማ፣ ተዉት፣ መመዘንስ ነበረበት" ብሎ ቤቱን ሁሉ አሳቀብኝ። የጫማዬን ክር ሳላስር ወደ መሪዬ ተመለስኩ፤ መንገዱን ሁሉ ሲሰድቡኝ ሄድን። እውነታቸውን ነው፣ ሕዝብ ጥሎ መሄድ ጥፋት ነው። ግን አልተሰረዝኩም።

ወሬው ስምሪት ቢሮ ቀድሞኝ ደረሰ። ለተወሰኑ ሳምንታት መሪ እንዳትነካ ተብዬ ታገድኩ። አሁን ጉዱን ስሚ፤ ያከሳኝ ቅጣቱ ነው። ቁርሴን ተቀምጬ በላሁ፣ ውሃ እንደልቤ ጠጣሁ፣ በእግሬ ሄድኩ፣ በጊዜ ተኛሁ፣ አንድም ማክሰኞ አልቀረሁም። ለካ ባለሙያዋ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፤ የእኛ ቢጤ እንዲያደርገው ግን መጀመሪያ ከሥራ መታገድ አለበት! ያስለቀሰሽን ፎቶ የተነሳሁት ያን ሰሞን ነው። ሐኪሟም ፈረመችልኝ፣ ይኸው ወደ መሪዬ ተመልሻለሁ።

ግራሶ ግን አልቀናውም። እግሩ ላይ ብረት ወድቆበት ትንሽ ቆስሎ ነበር። ስኳር እግሩን አደንዝዞት ኖሮ ብዙም አላመመውም፤ ቦቲውን አጥልቆ ሲሠራ ከረመ። ሐኪም ሲያየው ቁስሉ ውስጥ ለውስጥ ጨርሶታል። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት።

ባለፈው ሳምንት ያቺ ባለሙያ ከአሮጊቷ ቀን ወዲህ ነገሩ ሲከነክናት ከርሞ፣ አለቆቿን ለምና፣ ልክ ፈረቃ በምንለዋወጥበት ሰዓት ሚዛኗን ይዛ ዴፖ ድረስ መጣች። ሹፌሩ፣ ትኬት ቆራጩ፣ ጎሚስታው ሳይቀር ተሰለፈ። ፍላጎት የላቸውም የተባልነው እንግዲህ እኛ ነን። ግራሶም በክራንች መጣ። ግራና ቀኝ ደግፈን ሚዛኑ ላይ አወጣነው። ቁጥሩን አየና "ይኸው፣ ከሁላችሁም በላይ ቀነስኩ" አለ። እሱ ሳቀ። ከእኛ ወገን የሳቀ የለም። ባለሙያዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔም አልደብቅሽም፣ አለቀስኩ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በመልእክትሽ መጨረሻ እንደዋዛ ጣል ያደረግሽው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እግሬን ያቃጥለኛል፣ ውሃ ጥም አላስቀምጥ አለኝ፣ ታዲያ ሱቁን ጥዬ የት እሄዳለሁ ብለሻል። እቴቴ ሙች ይህ የሚናቅ አይደለም! ስኳር በዘር ይሄዳል ይላሉ፤ እኔ ላይ ከተገኘ አንቺም ጋ ላይጠፋ ይችላል። ለእኔ ማልቀሱን ተዪና ተመርመሪ። ነርሷ ወፍረሻል ብትልሽ እንደ ምርቃት ቆጥረሽ ስቀሽ እንዳትመለሺ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ልጅሽ በልቶ ጠጥቶ ያድራል፣ አንቺም እህል ቅመሺ በያት። ሚጡን፣ ያ እንደ ትራስ የምትደገፈው ሆዴ እንደሌለ ከአሁኑ በዘዴ አስለምጃት፤ ጉንጯን ግጥም አድርገሽ ሳሚልኝ። ለቅሶ የመጡትን ጎረቤቶች ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ፣ ሟቹ ሰላም ብሏችኋል በያቸው።

ጋሼ፣ ይህችን አንተ ራስህ አንብባት። ከፍ ያለ ሰላምታዬ ይድረስህ። እቴቴ ጤና ጣቢያ በምትሄድበት ጠዋት ሱቁን አንተ ትከፍታለህ፤ ተመለሺ ባሏት ቀንም ሁሉ ባንኮኒው ጀርባ የምትቆመው አንተ ነህ። ለግራሶ አንድ ሰው ማክሰኞ ማክሰኞ ሥራውን ቢይዝለት ኖሮ ዛሬ በሁለት እግሩ ይቆም ነበር። ይህን ካላደረግክላት ሰላምታዬን መልስልኝ።

ወንድማችሁ ሹፌሩ
ከአውቶቡስ ዴፖ፣ ከሹፌሮች ማረፊያ ክፍል
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን