የሴቶቹ ቃሬዛ

ጥር 3 ቀን 1978

ጠዋት ሴቶቹን ለሥራ አስወጣሁ። መንደር ምሥረታ ታዟልና ወንዶቹ የድሮ ቤቶቻችንን እያፈረሱ እንጨቱን ወደ አዲሱ መንደር ያመላልሳሉ። እኛ የክዳን ሣር እናጭዳለን።

የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ከሆንኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ያስመረጠኝ ፊደል መቁጠሬ፣ ከአሰበ ተፈሪ መምጣቴ ነው። ሴቶቹ ስብሰባ ይመጣሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ይሄዳሉ። ሲቸግራቸው ግን ወደ አሮጊቷ ሞሚና። ለምን?

ጥር 5

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ታጁዲን አስጠራኝ። "የሞሚና አፎሻ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ድስቱም ቃሬዛውም ለማኅበርሽ ይግባ። ንገሪያት።"

አፎሻው ሞሚና የምትመራው የሴቶቹ የቀብርና የለቅሶ መረዳጃ ነው። እሷ ደግሞ እናቴን ታክላለች... ምን ብዬ ልንገራት? ቤቷ ሄድኩ።

"እማማ ሞሚና፣ ታዝዤ ነው፤ አይቀየሙኝ።"

"ተቀመጪ አቦ።" አልተቆጣችም። በጣሊያን ጊዜ ወንዶቹ ለመንገድ ሥራ ተወስደው አንዲት ጎረቤት ሞተች አለችኝ። ቀባሪ ጠፋ። የሞሚና እናት ሴቶቹን ሰበሰበች፤ ጉድጓዱን ራሳቸው ቆፈሩ። አፎሻው ከዚያ ወዲህ አለ።

"ከፈለግሽ ውሰጂው። ሰው ሲሞት ግን የሚጠሩት አንቺን ነው።"

ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ጥር 11

ጎረቤታችን ረዲያ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። አዋላጇ "ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ሐኪም ቤት" አለች። የረዲያ ባል ተሸካሚ ወንዶች እንዲፈቀዱለት ሊለምን ሄደ። ታጁዲን፦ "አለቆች እየመጡ ነው። ማንም ከሥራ አይነቃነቅም!"

ሞሚና የሬሳውን ቃሬዛ አስመጣች። ረዲያ ስታየው ጮኸች። "አልሞትኩም! በዚህ አታውጡኝ!"

"ስላልሞትሽ ነው የምናወጣሽ። ተኚ።"

ሁሉም እኔን አዩ። ማስቆም ነበረብኝ... ከኋላ በኩል አንድ ተሸካሚ ጎድሏል። ገብቼ ያዝኩ።

አስፋልቱ ላይ ብንለምንም ከሚኤሶ የሚመጡት ከባድ መኪኖች አልቆሙም። ሬሳ መስሏቸው ይሆን? ዳገቱን በእግራችን ወጣነው። ትከሻዬ ተልጧል። ረዲያ መጀመሪያ ትጮህ ነበር፤ በኋላ ዝም አለች። ዝምታዋ ነው ያስሮጠን። ከሰዓት በኋላ ለአስር ሰላት ሲጠራ አሰበ ተፈሪ ሐኪም ቤት ደረስን።

ጥር 12

ወንድ ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ጥር 16

በስብሰባ ፊት ከሊቀመንበርነት ወረድኩ። "ሥራ አስፈትታለች" ተባለ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ማኅተሙን አስረከብኩ።

ሞሚና ውጭ ጠብቃኝ ነበር። "እንግዲህ ሥራ ፈት ነሽ። ነገ ነይ፤ ድስት እናጥባለን።"

ሄድኩ። ስገባ ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ።

መጋቢት 20

አዲሱ መንደር ገባን። ቤቶቹ በመስመር ተደርድረዋል፤ የድሮ ጎረቤት ሁሉ ተበታትኗል። ከየአቅጣጫው የመጣ የማይተዋወቅ ሰው... ስለ አፎሻው መቅረት ግን ታጁዲንም ሆነ ሌላ ያነሳ የለም።

ጠዋት አንድ የማላውቀው ሰው ደጃፌ ላይ ቆመ፤ ላብ አጥምቆታል።

"ሚስቴ ታማለች። ቃሬዛ ያላቸው ሴቶች ቤት የት ነው ብል ወደዚህ ጠቆሙኝ።"

"ትክክል መጥተዋል" አልኩት። ነጠላዬን አንስቼ ሞሚናን ልጠራ ወጣሁ።