ከብራናው ላይ የተፋቀው ስም

ኅዳር 8፣ 1952 ዓ.ም.፤ ጧት

…እናቴ ገበያ ላይ የፉሪዋን ወ/ሮ ዘነበችን ካየች መንገድ ትቀይር ነበር። እጄን ጎትታ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት— ጽሑፌ ዛሬም ከዚህ አያልፍም። አራት ገጽ ሰረዝኩ። ደብተሬ፣ ታገሠኝ። አጎቴ ጋሽ ታፈሰ አስጠርቶኛል። ወደ ለቡ፣ እቤቱ ልወርድ ነው።

ከሰዓት

ያቺን መዳፍ የምታህል የእናቴን ብራና አወጣልኝ። ከላይ ቅ/ሚካኤል። ከታች የኅዳር በሽታ፤ ቃሬዛ፣ ጅብ፣ ሬሳ በሬሳ ላይ። ከመልአኩ እግር ሥር የተደፋችው ሴት እናቴ ናት፤ ከበሽታው ስትተርፍ ያሣለችው ነው። ስሟ ከጎኗ ነበር፦ ወለተ ማርያም። ጋሽ ታፈሰ ልጁ ሲታመም ተዋሰ፤ ሳይመልስ እናቴ ሞተች። አሁን ስሟ ተፍቋል። በቦታው የእሱ የክርስትና ስም፦ ገብረ ሥላሴ። ከተደፋች ሴት ጎን የወንድ ስም። (ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ አልለውም።)

አንድ ፈረንጅ ሊገዛት ነው። በማን በማን እጅ እንዳለፈች የሚገልጽ ወረቀት ጠይቋል። ጸሐፊው እኔ። «ልብ ወለድ ስትጽፍ ማን ይጠይቅሃል?» ብሎ ሳቀ። ብራና የያዘ ስሙን ያስገባል፣ የአባቶች ልማድ ነው አለ። ልማድነቱ እውነት ነው። የሚያበግነኝም ይኸው።

ልመርምራት ብዬ ይዣት መጣሁ።

ኅዳር 10

ወረቀቱን አልጻፍኩም። ምላጭ ገዛሁ። ስሙን ፍቄ የእናቴን እመልሳለሁ።

ኅዳር 11፤ 4 ሰ.

ከመፋቄ በፊት ብራናውን መስኮቱ ላይ በፀሐይ ያዝኩት። ቀለም ቢፋቅም የብዕር ጭረት ቆዳው ውስጥ ይቀራል። የእሱ ስም። ከሥሩ የእናቴ። ከእናቴ ሥር ሌላ። ወለተ ጊዮርጊስ።

እናቴ ለሙታን ስትጸልይ አስቀድማ የምትጠራው ስም። በበሽታው ወድቃ ሳለች ውኃ ያቀበለቻት ጎረቤት። ሥዕሏን ካሣለች በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ ሕፃን ልጅ ትታ ሞተች። ልጇ ወ/ሮ ዘነበች ናት።

ሕፃን ስም አያነብም። ስሙን ስትፍቅ እናቴ ይህን ታውቅ ነበር።

ምላጩን ጓሮ ወረወርኩት።

ኅዳር 12

ሰፈሩ ኅዳርን ያጥናል፤ በየደጁ ቆሻሻ ይነዳል። ጋሽ ታፈሰ ወረቀቱን ሊወስድ መጣ። ሰጠሁት፦ ሦስት ስም፣ በቅደም ተከተል። ሁለቴ አነበበው። «የገዛ እናትህን ሌባ ልታደርጋት ነው?» ሥዕሏን ግን አልሰጠሁትም።

ፉሪ። በእግሬ። ወ/ሮ ዘነበች ደጇ ላይ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። ብራናውን ወደ ብርሃን አነሳሁላት። ማንበብ አትችልም፤ አነበብኩላት። ተቀበለችኝና አውራ ጣቷን በተደፋችው ሴት ላይ አሳረፈች።

«እናትህ ታውቅ ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ሥዕሏን ይዛ ገባች። በሩን ዘጋችው።