የመሬት ባለቤት በግብር ደረሰኝ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ነው ላሉት እንደራሴያችን

ለክቡር አቶ ስማቸው አዳሙ
በሕግ መምሪያ ምክር ቤት የቢቸና አውራጃ ሕዝብ እንደራሴ
አዲስ አበባ

ቢቸና፣ ግንቦት ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነት እመኝልዎታለሁ፤ ይልቁንም የጉሮሮዎን ጤንነት። ከሰኔ ፲፬ ቀን በፊት በምክር ቤቱ ተነሥተው አንድ ዓረፍተ ነገር ማረም ስላለብዎ፣ ከመላ አካልዎ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጉሮሮዎ ነው።

እኔ የቢቸና ተወላጅ፣ በሞጣ አስተማሪ ነኝ። ጎልማሳ ሆኜ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከሁሉ በላይ የተማርኩት አንድን ጽሑፍ ሳይቸኩሉ ሁለት ጊዜ ማንበብን ስለሆነ፣ በፋሲካ ዕረፍት አዲስ አበባ ሄጄ የአራቱን ዓመት ቃለ ጉባዔ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ክቡርነትዎ ሦስት ጊዜ ተናግረዋል። ሦስቱንም በቅደም ተከተል ላመሰግንዎ እፈልጋለሁ።

፩ኛ. ምክር ቤቱ በገጠር ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ሁለት ቀን ሙሉ ሲከራከር፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እጅዎን አውጥተው «ክቡር አፈ ጉባዔ፣ ከኋላ ያለው መስኮት ነፋስ ያስገባል» ብለዋል። መስኮቱ ወዲያው መዘጋቱን ቃለ ጉባዔው ይመሰክራል። እኔ የማስተምርበት ክፍል ሰባ ሁለት ልጆች ይዞ የሚዘጋ መስኮት የሌለው በመሆኑ፣ ያንን ገጽ ሳነብ ቅናት ቢጤ እንደተሰማኝ አልደብቅዎትም።

፪ኛ. ስለ አውራጃ መንገዶች በተደረገው ክርክር ደግሞ «የቢቸናና የሞጣ መንገድ ክረምት ከበጋ ያስኬዳል» በማለት ለእኛ ሊመደብ የነበረው የመንገድ ሥራ ለሌላ ጠቅላይ ግዛት እንዲተላለፍ ረድተዋል። ቃልዎ በጋዜጣ በወጣ ሰሞን የበልግ ዝናብ ጥሎ የሞጣው አውቶቡስ ጭቃ ውስጥ ሰጠመና ሁላችንም ወርደን ስንገፋ፣ አንዲት ዶሮ የታቀፉ እናት «ለመሆኑ እንደራሴው በየት በኩል አልፈው ነው ያስኬዳል ያሉት?» ብለው ጠየቁ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «በአውሮፕላን ነዋ፣ እማማ! እዚያ ላይ ምን ጭቃ አለ?» አላቸው። ይህን የማነሣው ቅር ብሎን አይደለም፤ ከላይ ሆነው ሲያዩን ደህና መስለን በመታየታችን ደስ ብሎናል።

፫ኛ. ወደ ሦስተኛው ስመጣ ግን ብዕሬ ምስጋናውን ለመጻፍ እንደ ፊተኞቹ በቀላሉ አልታዘዘልኝም።

በየካቲት ወር ስለ መሬት ምዝገባ በቀረበው ረቂቅ ላይ አንድ አባል በጎጃም የመሬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ክቡርነትዎ «በእኛ አገር ልማድ የመሬት ባለቤት በግብር ደረሰኝ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ነው» ብለው መለሱ። ይህን ሲሉ ማንም አላቋረጥዎትም፤ ያቋርጡዎ የነበሩት ሰዎች በዚያ ሰዓት እርሻ ላይ ነበሩ።

ክቡርነትዎ አያውቁም ብዬ ሳይሆን ምክር ቤቱ ስለማያውቅ ልማዱን ልጻፈው። ርስት የአንድ አባት ዘር ሁሉ ነው፤ ወንዱም ሴቱም ትውልዱን ቆጥሮ ድርሻውን ያርሳል። ግብር ግን ለእያንዳንዱ ሰው ደረሰኝ እንዳይቆረጥ በአንድ ሰው ስም ይገባል። ያ ሰው የሚመረጠው ባለጸጋ ወይም የበላይ ስለሆነ ሳይሆን ለመላላክ ስለሚመች ነው። ለምሳሌ የአለቃ ኃይለ ሚካኤል ዘሮች አቶ ፋንታን ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት የመረጡት ቤቱ ለግብር ሰብሳቢው ለጭቃ ሹሙ ቤት ቅርብ በመሆኑ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ድርሻቸውን ያዋጣሉ፣ እርሱ ያደርሳል። በነዚያ ዓመታት ሁሉ አቶ ፋንታ ደረሰኙን ሣጥን ውስጥ ከማስቀመጥ ያለፈ ሐሳብ አልነበረውም። ሐሳቡን የሰጡት ክቡርነትዎ ነዎት።

በመጋቢት ወር ንግግርዎ የወጣበትን ጋዜጣ አጥፎ በኮቱ ኪስ ይዞ የዘመዱ የወይዘሮ ይርጋነሽ ማሳ ላይ ደረሰ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ ለጤፍ የሚሆነውን መሬት በሰው በሬ ሁለት ጊዜ ያሳረሱ ሴት ናቸው።

«እታለም ይርጋነሽ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት» አላቸው። «እንደራሴው ናቸው። ከተጣላሽም ከእሳቸው ተጣዪ።»

«አንተ ፋንታ! ግብሩን አድርስልን አልንህ እንጂ መሬቱን ውሰድልን ያለህ ማነው?» አሉት።

አቶ ፋንታ ከሰሰ፤ እርሻውም በእግድ ቆመ። ዳኛው ጥንቁቅ ሰው በመሆናቸው፣ የእንደራሴው ቃል ልማዱን በትክክል የሚገልጽ መሆኑን ክቡርነትዎ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ወይም እንዲያርሙ አዘዙ። ሁለት ደብዳቤ ተላከልዎ፤ ለሁለቱም አልመለሱም። ሰኔ ፲፬ ቀን መልስ ካልመጣ ዳኛው በእጃቸው ባለው ማስረጃ እንደሚፈርዱ አስታውቀዋል። በእጃቸው ያለው ማስረጃ ደግሞ የእርስዎ ንግግር ነው።

መሬቱ እስከ ሐምሌ ካልተዘራ ወይዘሮ ይርጋነሽ ዓመቱን የሚበሉት የላቸውም፤ ከተፈረደባቸው ደግሞ የሚቀጥለውንም፣ ከዚያም በኋላ ያለውን ሁሉ። ከእሳቸው በኋላ ሌሎቹ ሠላሳ ሰባት ዘመዶች ተራ ይዘዋል። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ከሌላ ቀበሌ የመጡ ሰዎች «የእኛ ደረሰኝ በማን ስም ነው?» እያሉ እርስ በርስ ሲተያዩ ዐይቻለሁ። እስከ ትናንት ወንድማማች የነበሩ ሰዎች እንዲህ ሲተያዩ ማየት ያስፈራል፤ አንዳንዶቹ ገበያ የመጡት ጠመንጃ ይዘው ነበር።

የምለምነው ረጅም ንግግር አይደለም። «ተሳስቻለሁ፤ ደረሰኝ የግብር ማስረጃ እንጂ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም» ማለት ይበቃል። መስኮቱን ለማስዘጋት ከተጠቀሙበት ድምፅ የበለጠ አይፈጅም።

ክቡርነትዎ በዚህ ወር ለዳግመኛ ምርጫ መወዳደርዎን ሰምቼ፣ አራት ዓመት ሙሉ ላሳዩን ቁጥብነት ያለኝን አድናቆት እንደገና እየገለጽኩ፣ የንግግር ብዛት ሳይሆን የአንዲት ንግግር ክብደት ያስተማሩኝ ታዛዥ መራጭዎ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

ሣህለ ማርያም ታንጉት
(በእናቴ ስም የምጠራው ርስቴ በእናቴ በኩል ስለሆነ ነው)

በተጨማሪ፦ የምርጫ ሕጉ ዕጩ ተወዳዳሪ በሚወዳደርበት ክልል የራሱ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ያዛል። ክቡርነትዎም ከደብረ ወርቅ በታች የሚገኘውን የእናትዎን ርስት ድርሻ በንብረትነት አስመዝግበዋል። የዚያ መሬት ግብር ደረሰኝ በአጎትዎ በአቶ ባዘዘው ስም መሆኑን አይቼ፣ ትናንት የደረሰኙን ግልባጭ ከንግግርዎ ጋር አያይዤ ለምርጫው ጽሕፈት ቤት መቃወሚያ አስገብቻለሁ። ያሉት እውነት ከሆነ ክቡርነትዎ በዚህ አውራጃ አንድ ጋት መሬት የለዎትምና ዕጩ አይደሉም። እውነት ካልሆነ ወይዘሮ ይርጋነሽ ጤፋቸውን ይዝሩ። ጽሕፈት ቤቱ መልስዎን እስከ ሰኔ ፲ ይጠብቃል፤ ለዚህኛው ደብዳቤ ሳይመልሱ እንደማይቀሩ እርግጠኛ ነኝ።