ያጎረስሽው ሰውዬ

ለውድ ባለቤቴ ለወይዘሮ ዘሀራ፤

የቤታችን ጠቅላይ አስተዳደር፣ ማለትም እኔ፣ የሚከተለውን በጥብቅ ያስታውቃል፦ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከዛሬ ጠዋት አንስቶ እንደገና ማንጠባጠብ ጀምሯል። ሕዝቡ፣ ማለትም አሁንም እኔ፣ እንዲረጋጋ ተጠይቋል።

ሳቅሽ? አልሳቅሽም። “ይሄ ሽማግሌ መቼ ነው የሚበስለው” እያልሽ ነው። ዘሀራዬ፣ ከተለየሽኝ ሁለት በረዶ ወርዶ ቀልጧል፤ ሦስተኛው አሁን የሰፈራችን ሐይቅ ላይ እየረጋ ነው። እኔም አልበሰልኩም። ጥሬ እንደሆንኩ አረጀሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ሰሚራ ልጅሽ በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ አስገጥማለች። በየቀኑ እየደወለች “ዳድ፣ ሎክ አድርገሃል? ፕሊስ ዳድ” ትለኛለች። ሮዝቪል ያለው አፓርትመንቷ እንድገባ ትፈልጋለች። በድፍን ሮቢንስዴል ከተማ ቀን ቀን በሩ የማይቆለፍ ቤት የኛ ብቻ ነበር፤ “እንግዳ ደጅ ላይ ከቆመ ነውሩ የባለቤቱ ነው” ትይ ነበር። ይኸው አሁን ፖስተኛው እንኳ ሲመጣ በቀዳዳ ነው የማየው።

ወደ ነገሬ ልምጣ። ቀልዱ ነገሩን ለማዘግየት መሆኑን አንቺ አታጪውም።

የታመምሽበትን የመጨረሻውን መኸር አስታውሺ። ጠያቂው ሳሎኑን ሞልቶ፣ አንቺ ሶፋው ላይ ትራስ ተደግፈሽ፣ ከታማሚ ይልቅ ባለሰርግ መስለሽ ስታዢ። ያ ሰማያዊ ቫን ያለው ፈረንጅ ቧንቧውን ሊሠራ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ዝምተኛ፣ ትሁት፤ ማንም ሳይነግረው ጫማውን በር ላይ ያወለቀ። ጨርሶ ሊወጣ ሲል “ከዚህ ቤት ሳይበላ የወጣ የለም” ብለሽ ያዝሽው። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁለት። አጠገብሽ አስቀምጠሽ በገዛ እጅሽ አጎረስሽው። “አንድ ጉርሻ ያጣላል” ብለሽም ደገምሽው። ፊቱ ቲማቲም ሲመስል እኔ ደግሞ “እኔን አሞኛል ብላ የከለከለችኝን ጉርሻ ላንተ ሰጠች” ብዬ ሴቶቹን አሳቅኋቸው።

ከዚያ ካረን ትዝ አለችሽ፤ ከፊት ለፊታችን ብቻዋን የምትኖረው አሮጊት፣ በረዶ በጣለ ቁጥር ኩኪስ ይዛልን የምትመጣው። የሷም ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር። ስልኩን አንስተሽ “ካረን፣ ጉድ ማን። ሂ ኢት ማይ ሃውስ” አልሻት፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ቤቴ በልቷል ልትይ “ቤቴን በላ” አልሽ። የካረን ሳቅ ከስልኩ አልፎ ሳሎኑ ድረስ ተሰማ። ላንቺ ግን ቀልድ አልነበረም። ከማዕድሽ የበላ ሰው ዋስ አለው ማለት ነው፤ ዋሱም አንቺ ነሽ።

አንቺ በበረዶው ሄድሽ። ካረን ፀጉሯን በሻርፕ ሸፍና ለቅሶሽ ላይ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ እሷም ሞተች። ከደረጃ ወደቀች ተባለ፤ እርጅና ነው አልን። ከሐይቁ ማዶ ሌላ ሴትዮ፣ ክሪስታል ከተማ ውስጥ ደግሞ ሌላ፣ ሁሉም ብቻቸውን የሚኖሩ። ለነሱም እርጅና ነው ተባለ። ዳክዬ መንገድ ሲሻገር መኪና በሚቆምበት ሰፈር ሌላ ነገር ማን ያስባል?

ባለፈው ሰመር ሰውዬው ተያዘ። ቴሌቪዥኑ ላይ ፊቱን አየሁት፤ ያው ትሁት ፊት። ፖሊሶቹን ያነቃቸው በሟቾቹ ቤት ሁሉ ያገኙት አንድ ነገር ነው አሉ፦ የወጥ ቤቱ ቧንቧ አዲስ ተሠርቶ ነበር። ሥራውን ሳይጨርስ አይገድልም ነበር ዘሀራ። ጨርሶ፣ ገድሎ፣ እጁን እዚያው ታጥቦ ይወጣል።

የኛን ቤት ለምን አለፈ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ቤታችን ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር። ያዳነሽ ያ “ራሴን አዞሩኝ” እያልኩ የማማው ጠያቂ ነው። ካረንን ግን ካንቺ በቀር ማን ይጠይቃት ነበር?

መርማሪው ቤት መጥቶ፣ ካረን ሰውዬውን በማን በኩል እንዳወቀችው ጠየቀኝ። ሰሚራ ታስተረጉማለች። “እኔ ነኝ የላክሁት” አልኩ። ሰሚራ ቀና ብላ አየችኝ፤ ለካረን ስትደውዪ አጠገብሽ ነበረች። ከዚያ እንዳልኩት ተረጎመችው። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ውሸት የለኝም። ስምሽ እዚያ ፋይል ውስጥ ከሱ ስም ጎን እንዲቀመጥ አልፈለግኩም።

ታዲያ ላንቺ ለምን ነገርኩሽ? ካረን እዚያ አለችና። ከሷ አፍ ከምትሰሚው ከኔ ይሻላል ብዬ ነው። ከተቆጣችሽ አትከራከሪያት፤ እኔ ስመጣ አስቃታለሁ። ግን የምትቆጣ አይመስለኝም። አንቺ የላክሽው ለቧንቧዋ ነው።

ሮዝቪል አልሄድም። ካረን ቤት አዲስ ሴትዮ ገብታለች፤ እሷም ብቻዋን ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰሚራን ሩዝ ይዤ እያንኳኳሁ ነው። መጀመሪያ ፈርታኝ በመስኮት አየችኝ፤ እንዲህ መልከ መልካም ሆኜ ማለት ነው! አሁን ወንበር ታወጣልኛለች። ያ ቤት ጠያቂ እንዳለው ሰፈሩ ይወቅ። አንቺንም በዚያች በምታጎርስ እጅሽ አስታውስሻለሁ፤ የጎረሰውን አፍ ከእጅሽ ጋር አላነሳውም። ቃሌ ነው።

መቼም “ሳይቀጥፍ አይጽፍም” ትያለሽና ራሴ ልንገርሽ። ቧንቧው ማንጠባጠብ አልጀመረም። ጠዋት ለውዱእ እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ፣ ከዚያ አንዲት ጠብታ እየለመንኩ ቆሜ አዳምጣለሁ። ለማስቀየር ደግሞ ሌላ ሠሪ በዚያ በር ማስገባት አለብኝ። ጠብ አይልም ዘሀራ። ያ ሰው እንደገጠመው ነው።