የጉሮሮ አሮጌ ላፕቶፕ

ጥቅምት 4
ዛሬም አቧራ። አጎቴ ጥገና ሱቁ ውስጥ ከአሮጌ ላፕቶፕ በቀር ሌላ ነገር አይነካም። አዲስ ይዞ የመጣ ሰው «ሠላሳ ዓመት ቆይተህ ና» ይባላል። የምለው እኔ ነኝ። አጎቴ ሲሰማ ይቆጣል።
ትናንት የፋርማሲስቱን ኪቦርድ ሳጥብ ቁልፎቹን አቀያይሬ ገጠምኩለት። ስሙን ሲጽፍ የሌላ ሰው ስም ወጣ። አጎቴ ጠርቶ አስቀመጠኝ። አንድ ጊዜ ብደግመው ከሱቁ ወጥቼ አክስቴ ላውንደሪ ካልሲ እንደማጣምር ነገረኝ። ሳይጮህ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር…
ይሄን የጥገና ወንበሬን እኮ እወደዋለሁ። ለማንም አልናገርም እንጂ። ሞቶ የከረመ ነገር እጄ ላይ ሲበራ…

ጥቅምት 6
ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ጉሮሮ።
ርዕሰ መምህራችን የነበረው። ከመቅጣቱ በፊት ጉሮሮውን ስለሚጠርግ ነው ስሙ። ያወጣሁለትም እኔው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የመውጫ ደወሉን በስልኬ ቀድቼ በድምፅ ማጉያው ለቀቅኩት። ተማሪው በሙሉ በጠዋት ቤቱ ገባ። ያኔ ያባረረኝ እሱ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቷል። ጸጉሬን ስለተቆረጥኩ ነው መሰለኝ አላወቀኝም። «አንቺ ልጅ» አለኝ፣ እንደማንም።
ላፕቶፑ ጡብ ነው። ቢወድቅ የሚሰበረው ወለሉ ነው። ጉሮሮ ሴት ልጁ ጋ ሊኖር ነው፤ እሷ ደግሞ የማይሠራ ዕቃ ቤቴ አይገባም ብላዋለች። እርስዎስ ምን ይሠራሉ ልለው ነበር… ምላሴን ነከስኩ።
አጎቴ ምን አለ? «ይሄን ብቻሽን ትሠሪዋለሽ። ያለ ቀልድ።»
እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ጥቅምት 9
ባትሪው ፈስሶ ቦርዱን አረንጓዴ አድርጎታል። በኮምጣጤና በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። ብሩሹ የእህቴ ነው። አጥቤ መልሼዋለሁ፤ ምን ጎደለባት?
ዲስኩ ግን አልቆለታል። ከአንድ ሬሳ ላፕቶፕ ሌላ ነቅዬ፣ አጽድቼ፣ ባዶውን ገጠምኩ። ለጉሮሮ ደውዬ ውስጡ የነበረው ሁሉ እንደጠፋ ነገርኩት። ከበራ ይበቃኛል አለ።
ቢጫ የሆነውን ክዳን ከጎረቤት ጸጉር ሠሪ ባመጣሁት የጸጉር ማንጪያ ቀብቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ነጣልኝ። ጸጉር ሠሪዋ የማን ጸጉር ነው ብትለኝ የአንድ ሽማግሌ አልኳት።

ጥቅምት 12
በራ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ያቺ ነጭ ሰረዝ ብልጭ ስትል እልል ልል ነበር።
ከዛ… ባዶ ዲስክና እኔ፣ ብቻችንን። አጎቴ ወጥቷል። ጅብን ሥጋ ጠብቅ ብሎ የሚሄድ ሰው ጥፋቱ የማን ነው?
ሲበራ የሚናገረውን ጻፍኩለት። ማሽኑ የኛን ፊደል ስለማያውቅ በላቲን ፊደል። «ለምን አረፈድክ? ጆሮህን ይዘህ ቁም። ይቅርታ ካላልክ አትገባም።» ጉሮሮ በር ላይ ቆሞ የሚላት፣ ቃል በቃል። ይቅርታ ብሎ ካልጻፈ ላፕቶፑ ንቅንቅ አይልም። ልጁ ቤት ገብቶ፣ ለብቻው ሲያያት… ምነው አጠገቡ በሆንኩ።

ጥቅምት 14
ከነልጁ መጣ። እሷ እዚሁ ሲበራ ካላየሁ መኪናዬ ላይ አልጭነውም አለች። ኬብሉ ግሏል አልኩ። መብራት ሊጠፋ ነው አልኩ። ማን ሊሰማኝ… አጎቴ በገዛ እጁ አበራው።
ቃላቱ ወጡ። አጎቴ አነበበ፤ ከዛ እኔን አየኝ። የካልሲ ክምር ታየኝ።
ጉሮሮ ጉሮሮውን ጠረገ። መነጽሩን አደረገ። ሁለቴ አነበበ።
«ይህቺን እኮ እኔ ነኝ የጻፍኳት» አለ። «ረስቻት።»
«አባዬ፣ አንተ ትቀልዳለህ እንዴ?» አለችው ልጁ።
«ድሮ» አላት።
በግራ እጁ ጆሮውን ያዘ። በቀኙ አንድ በአንድ እየለቀመ ይቅርታ ብሎ ጻፈ። ልጁ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ራሷ ተሸክማው ወጣች።
ባዶ ዲስክ እንደሆነ ነግሬዋለሁ እኮ። እርጅና ነው፣ ዘነጋው። አጎቴም ያውቃል፤ ግን ባለቤቱ የኔ ነው ካለ ምን ይበል? ወንበሩ ተረፈ። ቀልዴ ተወሰደ። በቀልድ ምክንያት ያባረረኝ ሰውዬ በኔ ቀልድ ተሳቀለት። ለማን አቤት ይባላል?

ጥቅምት 15
አጎቴ ሲያየኝ ዋለ።

ጥቅምት 20
ጉሮሮ ለጓደኞቹ አሳይቶ ኖሮ ጡረተኛ መምህር ሁሉ ላፕቶፑን ከአልጋ ሥር እያወጣ መጣ። እንደ ጉሮሮ ላፕቶፕ የሚቆጣ ይሁንልን ይላሉ። አጎቴ ፊቱን ሳይፈታ ወንበሩ ያንቺ ነው አለኝ፤ ቀልድ ግን ከዛሬ ጀምሮ በትእዛዝ ብቻ። በትእዛዝ… እንደ ሱሪ ተለክቶ።
ይባስ ብሎ ጉሮሮን አማካሪ አደረገው። አጠገቤ ተቀምጦ ቀልድ ምን እንደሆነ ያስረዳኛል። ሲያስረዳ ክፍል ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል። ሰዓት አክብሬ እመጣለሁ። እኔ።

ጥቅምት 23
ለሒሳብ መምህሩ ላፕቶፕ ጉሮሮ አንድ ቀልድ ነገረኝ፤ «መልሱን ብቻ አይደለም፣ አሠራሩንም አሳይ» የምትል። ደረቅ እንጀራ ናት። አንድ መስመር ጨመርኩባት፤ «ከጎንህ ካለው ልጅ እንደቀዳህ አውቃለሁ። እሱም ተሳስቷል።»
አበራው። አነበበ። ጉሮሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዛ ወደኔ ዞረ።
«ይህቺን መስመር ማን ጨመራት?»
ማሽኑ ነው አልኩት።
መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «ጎበዝ ማሽን ነው» አለ። «ከትምህርት ቤት ያባረርኩት እንዳይሆን ብቻ።»
አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶን ሲበይድ ነበር። ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።
ታዲያ ጉሮሮ… እሳቸው ያን ቀን ዘንግተው አልነበረማ? አውቀው ነው የኔ ነው ያሉት?
አንድ የምመልስላቸው ቀልድ ፈለግኩ። ለሳቸው የሚሆን፣ አንድ ብቻ። እዚህ ቁጭ ብዬ አሁንም እየፈለግኩ ነው።