ትኬቱን ባል ይግዛ

ይድረስ በመዝገብ ዝውውር ችሎት ለሚያስችሉት ክቡር ዳኛ፤

ክቡር ሆይ፣ ሙሉ ጤናዎን፣ በተለይም የአንገትዎንና የመንጋጋዎን ደኅንነት ከልብ እየተመኘሁ፣ በጋዜጣ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የእህቴ ልጅ ማልቲ፣ ባሏ ሃርኬሽ በባንሲፑር የቤተሰብ ፍርድ ቤት የከፈተባት የፍቺ ክስ ወደ ቻንድጋኦን እንዲዛወርላት አመልክታ ነበር። ቻንድጋኦን ባሏ ክንዷን ሰብሮ ካባረራት በኋላ እኔ ቤት የተጠጋችበት ከተማ ነው። «ጌታዬ፣ እዚያ ከሄድኩ ይገድለኛል» አለችዎ። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ሴቱ ዛሬ አውሮፕላን ያበራል፤ አንቺ ባቡር ትፈሪያለሽ?» ሲሏት ችሎቱ በሙሉ ሳቀ። ስለዚህም የሚከተሉትን ምስጋናዎች ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፣ ዝውውሩን ሲከለክሉ እንኳ ርኅራኄ አልተለየዎትም፤ ለእሷና ለአንድ አጃቢ ባልየው ትኬት እንዲገዛ አዘዙ። ገዛ። አጃቢው ማን እንደሆነ ትእዛዝዎ ስላልገለጸ፣ ከማልቲ ስም ሥር የራሱን ስም አስጻፈ። ከቀረች ክሱ በሌለችበት እንደሚወሰን ነግረዋት ነበርና ተሳፈረች። እኔም የአጃቢነት ቦታዬ ስለተያዘ፣ ሰው ተጨናንቆ በሚቆምበት የኋላ ፉርጎ ተከተልኋት።

ሁለተኛ፣ አብረዋት የነበሩ መንገደኞች በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሃርኬሽ ከታናሽ ወንድሙ ከባልራጅ ጋር መንገድ ላይ ተሳፈረ። ባልራጅ እግሮቿ ላይ ተቀመጠ። ሃርኬሽ ሻንጣ ከባቡሩ አልጋ እግር ጋር የምናስርበትን ሰንሰለት አንገቷ ላይ ጠመጠመ፤ በጓጉንቸሩ መንጋጋዋን ደጋግሞ መታ። «ዳኛው ፊት በየትኛው አፍሽ እንደምትለፈልፊ አያለሁ!» ይላት ነበር። አንዲት አሮጊት «ኧረ አንተ ልጅ፣ ልትገድላት ነው!» ብለው ቢነሱ፣ «እማማ፣ አርፈው ይቀመጡ፤ ሚስቴ ናት» አላቸው። ተቀመጡ።

ትኬት ተቆጣጣሪው ደረሰ። ደሙን አየ፤ ከዚያ ትኬቱን አየ።

«ሁለት ስም፣ አንድ ትኬት። ባልና ሚስት ናችሁ?»

«ታዲያስ! የገዛሁትም እኔ ነኝ፤ የዳኛ ትእዛዝ ነው።»

«እሺ፣ ቀስ በሉ እንግዲህ፤ ሰው ምሳ እየበላ ነው» ብሎ አለፈ።

ክቡር ሆይ፣ ቃልዎ እስከ ባቡር ድረስ እንዲህ ሲከበር ማየት ያኮራል። ባቡሩ ቆሞ እኔ እስክደርስ ድረስ ሁለቱ ወንድማማቾች እጃቸውን ታጥበው ሻይ አዝዘው ነበር።

ሦስተኛ፣ ማልቲ መንጋጋዋ በሽቦ ታስሮ ባንሲፑር ችሎት ቆመች። መዝገቡ ላይ «ተጠይቃ መልስ ለመስጠት አልፈለገችም» ተብሎ ተጻፈ። እንደገና ወደ እርስዎ ብንመጣ፣ ድብደባውን የባንሲፑር ፍርድ ቤት ሊመለከተው ይችላል ብለው ዝውውሩን ዳግመኛ ከለከሉ። ለጥንቃቄ ግን አንድ ነገር ጨመሩልን፤ አጃቢው የግድ የቤተሰብ አባል እንዲሆን፣ ትኬቱንም እንደ ቀድሞው ባል እንዲገዛ። ፍቺው እስኪወሰን ድረስ የባሏ ቤተሰብ ሁሉ ቤተሰቧ መሆኑን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ሴትዮዋን ከማመላለስ መዝገቡን ይላኩት፤ መዝገብ በባቡር ሲሄድ አጥንት አይሰበርበትም።

ለፍትሕዎ እጅ እየነሳሁ፣ ለሰፊው ርኅራኄዎም የማልቲን የቀሩ ጥርሶች ምስጋና ጨምሬ በማቅረብ፣ ታዛዥዎ

ቢሽምበር ዳያል፣ የማልቲ አጎት

ማሳሰቢያ፦ የሚቀጥለው ቀጠሮ ትኬት ትናንት ደረሰን። አጃቢዋ ባልራጅ ነው፤ እግሮቿ ላይ የተቀመጠው። ከእሷ በላይ ያለው አልጋ ክፍት ስለነበር፣ ይቅርታዎን እየለመንሁ በእርስዎ ስም ገዝቼዋለሁ። ከላይ ሆነው ሲያዩት ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታይዎታል።