ለንብ እንኳ ይነገራል

ውድ ወንድሜ ስለሺ፣

ስልኬንም መልእክቴንም ብሎክ ስላደረግክብኝ እንደ ድሮ ሰው በፖስታ መጣሁብህ። አድራሻህን ከላክህልኝ የገና ካርድ ላይ ነው የገለበጥኩት።

ያ ንብ አርቢ ጎረቤትህ የሞቱ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ባለቤታቸው ቀፎዎቹን አንድ በአንድ በቤት ቁልፍ እያንኳኩ «ጌታችሁ አርፏል» ሲሉ፣ ጥቁር ጨርቅም ሲያስሩባቸው አይተህ ደወልክልኝ። የመንደሩ የጥንት ልማድ ነው፤ ካልተነገራቸው ንቦቹ አኩርፈው ይሄዳሉ አልከኝ። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ታከር ከተማ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ በሳቅ ፈረስኩ። የፈረንጅ ጉድ አያልቅም አልኩህ። አንተ ግን አልሳቅክም።

እማዬ ስታርፍ እኔና አባባ መጀመሪያ የተጨነቅነው ላንተ ነው። ሐበሻ በሌለበት የእንግሊዝ መንደር፣ ብቻህን፣ በስልክ እንዴት ይነገርሃል? መርዶ እኮ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ ይዞ ነው። የአክስታችን ልጅ ሀብቶም ከለንደን ሰው ይዞ እንዲሄድልን ለመንነው፤ ሺፍት አለብኝ፣ ዛሬ ነገ ሲል ጊዜው ነጎደ። አንተ እሁድ እሁድ ትደውላለህ፤ እኔ ተኝታለች እልሃለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች እልሃለሁ። ምላሴን በቆረጠው! በኋላ አንዱ የአርባዋን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈና አየኸው።

«እዚህ ለንብ እንኳ ይነገራል። እኔን ከንብ አሳነሳችሁኝ» ብለህ ዘጋህብኝ።

አዝነንልህ ነው እያልኩ ከራሴ ጋር ብዙ ተከራከርኩ። አሁን አላምንበትም። እንዳትደነግጥ ብለን ለቅሶህን ነጠቅንህ፤ እናትህን ሳትቀብር አስቀረንህ። እንዴት እንደሚቆጨኝ ብነግርህ አታምነኝም።

ግን የጻፍኩልህ ለይቅርታ ብቻ አይደለም። አባባ ታሟል። ጉበቱ ነው፤ ሐኪሙ ለፋሲካ መድረሱን እንጃ ብሎናል። ትናንት መድኃኒቱን ስሰጠው እጄን ያዝ አድርጎ፣

«ለስለሺ እንዳትነግሪው። ብቻውን ነው፤ ይደነግጣል» አለኝ።

እሺ አልኩት። ዋሸሁት።

ይኸው ነገርኩህ። አባባ ይህን ስጽፍ ሳሎን ተቀምጦ ዜና እያየ ብቻውን ይቆጣል። ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። በሕይወት አለ፣ ስለሺ። ቶሎ ና።

እህትህ ማሂ